ነፃ ትኬቱን ማን ከፈለ?

መልዕክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማናውቀው ሰው አይደለም። የአክስት ልጅ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ ወይም የሰፈር ልጅ ነው የሚልከው። «አየር መንገዱ የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ለ500 ሰው የደርሶ መልስ ትኬት በነፃ እየሰጠ ነው። ሞክሩት፣ የምር ነው» ይላል። ከሥሩ ሊንክ አለ። ስትከፍቱት የአየር መንገዱ ዓርማ ይመጣል፤ ሦስት አራት ቀላል ጥያቄ ትመልሳላችሁ፤ ከሳጥኖቹ አንዱን ምረጡ ትባላላችሁ፤ ከዚያ «እንኳን ደስ አለዎት!»። ትኬቱ ግን ገና ነው። መጀመሪያ ሊንኩን ለ20 ሰው ሼር ማድረግ አለባችሁ።

ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ስልክ ይዞ ይህን ወይም የዚህን ወንድም ያላየ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ጽሑፉ በየአገሩ አንድ ነው፤ የሚቀየረው የአየር መንገዱ ስም ብቻ ነው። ኤምሬትስም፣ ሲንጋፖር አየር መንገድም፣ የአሜሪካው ዴልታም ስማቸው በዚሁ ድራማ ተነግዶበታል። የእኛው አየር መንገድ የተመሠረተው በ1938 ዓ.ም. ነው፤ በየዓመቱ የሚከበር ልደት ስላለው ለአጭበርባሪ ሰበብ አይጠፋም።

ለምን ግን 20 ሰው? እዚህ ጋ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አጭበርባሪው መጀመሪያ የሚፈልገው ብራችሁን ሳይሆን ስማችሁን ነው። ከማይታወቅ ቁጥር የመጣ ሊንክ ማንም አይነካም። «አቤል ነው የላከው» ሲባል ግን ይከፈታል። ስለዚህ ሼር ስታደርጉ ያለ ደመወዝ ቀጥሮ እያሠራችሁ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው እንደየሰዉ ይለያያል። አንዱ ስምና የፓስፖርት ፎቶ ይጠየቃል። ሌላው «የማስኬጃ» ተብሎ በግለሰብ ስም በተከፈተ የቴሌብር ሒሳብ ገንዘብ እንዲልክ ይደረጋል። ሌላው ደግሞ «በስልክዎ የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይባላል። ያ ቁጥር የቴሌግራማችሁ ወይም የገንዘብ ሒሳባችሁ ቁልፍ ነው። ከሰጣችሁ በኋላ በእናንተ ስም «ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ 3 ሺህ ብር አበድረኝ» የሚል መልዕክት ለእናታችሁም ለአለቃችሁም ይደርሳል።

የተሸወደን ሰው ሞኝ ማለት ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ቲክቶክ ሲከፈት ላንጋኖ፣ ወንጪ፣ ዱባይ ነው። ኪስ ሲከፈት ሌላ ነው። ፈታ ማለት የሚያምረው ሰው ደግሞ እውነተኛ ሽልማት መኖሩንም ያውቃል፤ ባንክ ቆጣቢውን መኪና ሲሸልም በቴሌቪዥን አይቷል። ስለዚህ «ነፃ ነገር የለም» የሚለው ምክር አይሠራም፤ ምክንያቱም አለ። የሚሠራው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህን ማን ከፈለ? ለምን ከፈለ?

የባንኩን መኪና የከፈለው ባንኩ ነው፤ የከፈለውም ብራችሁን እንድታስቀምጡለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት የማስተዋወቂያ ዕጣ ደግሞ ብሔራዊ ሎተሪ ብለን ከምናውቀው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ሌላ ዓይነት አለ፤ ሆቴል ለሁለት ሌሊት በነፃ ያስተኛችኋል፣ ግን ጠዋት ለሰዓታት ተቀምጣችሁ የእረፍት ቤት ድርሻ ግዙ የሚል ሻጭ ታዳምጣላችሁ። ያም ቢሆን ከፋዩ ይታወቃል። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለሕዝቡ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ሽልማት ለማግኘት መክፈል ካለባችሁ ሽልማት አይደለም። እኛም ይህን ከዲቪ መማር ነበረብን። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ የምታገኙት ኤምባሲ ለማንም «ዲቪ ደርሶሃል» ብሎ ኢሜይል ልኮ አያውቅም። አመልካቹ ራሱ ነው በመመዝገቢያ ቁጥሩ ገብቶ የሚያየው። «ደርሶሃል፣ ብር ላክ» የሚል ኢሜይል ግን ስንቱ ቤት ገብቷል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ብር ነው። ከዚህ የከፋው ትኬቱ የእውነት ሲሆን ነው።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በማይናማርና በታይላንድ ድንበር፣ ማያዋዲ አካባቢ ካሉት የማጭበርበሪያ ካምፖች ወደ 260 የሚጠጉ ሰዎች ወጥተው ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ገቡ። ወደ 20 ከሚጠጉ አገሮች የመጡ ነበሩ። ከመካከላቸው ከ100 በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከየትኛውም አገር የሚበልጥ ቁጥር ነው። ከዚያ ከወጡት ሰዎች የተሰማው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ታይላንድ ውስጥ የኮምፒውተር ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አለ ይባላሉ፤ ደመወዙ በዶላር ነው፤ ትኬቱን ድርጅቱ ይችላል። ባንኮክ ሲያርፉ መኪና ይጠብቃቸዋል። መኪናው ለብዙ ሰዓት ይነዳል። ከዚያ ጀልባ። ሲነጋ ያሉት ሌላ አገር ነው፣ ፓስፖርት ተወስዷል፣ አጥሩ ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ቆሟል። የሚሠሩት ሥራ ደግሞ በስልክ የማያውቁትን ሰው ማማለል ነው፤ በፍቅር ወይም በክሪፕቶ ኢንቨስትመንት ስም። የታዘዘውን ያህል ያላስገባ ይደበደባል። ልውጣ ያለ ቤተሰቡ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቃል።

እስቲ አስቡት። ከስልካችሁ ጀርባ ሆኖ «ሃይ፣ እንተዋወቅ» የሚላችሁ ሰው ራሱ ነፃ ትኬት የተሰጠው የሰፈራችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ወጣቶች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ደላሎችም የሚጫወቱት በዚሁ ነው። በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው ትኬቱን መክፈል የአሠሪው ግዴታ ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የመግቢያ ቪዛን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ አሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ይሸፍናል። ስለዚህ «ትኬትህን እኔ እችላለሁ» የሚለው ደላላ ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ አለው ወይ? በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥርዓት ውስጥ ተመዝግባችኋል ወይ? ውሉ የታለ? «በቱሪስት ቪዛ ትገባለህ፣ እዚያ እናስተካክላለን» ከተባለ ነገሩ አልቋል፤ ወሬውን እዚያው ማቆም ነው።

ከፋዩ የሚታወቅ የውጭ ጉዞ ደግሞ አለ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው ስኮላርሺፕ ወጪውን የሚከፍለው የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ ለምን እንደሚከፍልም በግልጽ ጽፏል። ማመልከቻው ያደክማል፣ ውድድሩ ከባድ ነው፣ መልሱ ወራት ይወስዳል። ማጭበርበር ግን አይቸኩል አይሁን እንጂ ሁልጊዜ ይቸኩላል፤ «ዛሬ ማታ ይዘጋል» ይላል።

አንድ ሰው ቀድሞ ሊንኩን ከነካስ? ኮድ ሰጥታችሁ ከሆነ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በስማችሁ የተከፈቱ ሌሎች ስልኮችን ዝጉ፤ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም አስገቡ። የገንዘብ ሒሳባችሁን ፒን ቀይሩ። ብር ከላካችሁ ባንኩን ወይም ቴሌን ወዲያው አሳውቁ፤ ስክሪንሾቱን ሳታጠፉ ለፖሊስ ውሰዱ። አታላይነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ብሩ ይመለሳል ብዬ አላጽናናም። ግን ሊንኩን በላካችሁበት ግሩፕ ላይ «ሐሰት ነው፣ እንዳትነኩት» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙዎች አፍረው ዝም ይላሉ፤ ሊንኩም እየተላለፈ ይቀጥላል።

አሁን ደስ ወደሚለው እንሂድ፤ ማንም ሼር አድርጉ ወደማይለው ጉዞ። ጉለሌ ውስጥ የሚኖር ወይም እስከ ስድስት ኪሎ የታክሲ ሒሳብ ያለው ሰው ሙሉ እሑድ ሊያሳልፍበት የሚችል መንገድ አለ። ከየካቲት 12 ሐውልት ተነሱ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የጨፈጨፏቸው የአዲስ አበባ ሰዎች መታሰቢያ ነው፤ በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን እንጂ ቆመን ዙሪያውን የተቀረጸውን ያየን ጥቂቶች ነን። ከፊቱ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ። የሐበሻ ልብሱን ማየት ነፃ ነው፣ መንካትም ነፃ ነው፤ ዋጋ መጠየቅ ከጀመራችሁ ግን ለሚመጣው ኃላፊነቱን እናንተ ትወስዳላችሁ።

ከቁስቋም በኋላ ዳገቱ የምር ይሆናል። የባሕር ዛፉ ሽታ ይመጣል። እናንተ ባዶ እጃችሁን እያለከለካችሁ ስትወጡ፣ እናቶች ከቁመታቸው የሚበልጥ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል ያልፏችኋል፤ መንገድ ልቀቁላቸው። ላይ፣ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እንጦጦ ማርያም አለች። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚህ ነው። ሙዚየሙ ቲኬት አለው፤ ከጋራው ላይ ከተማዋን ማየት ግን አያስከፍልም። በ2013 ዓ.ም. መስከረም 30 የተመረቀው እንጦጦ ፓርክም እዚያው ነው፤ ፈረስና ገመድ ላይ መንሸራተት ለሚያምረው ይከፈላል፣ ቆሎ ይዞ ከዛፍ ሥር ለሚቀመጥ ወጪው ቆሎው ነው። ዛፍ በብዛት የሚወድ ሰው ሌላ ቀን 705 ሄክታር ላይ ወዳረፈው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ፤ ለመግቢያ ትንሽ ብር ይያዝ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ጫካ ውስጥ ለብቻችሁ አትግቡ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ። ጀንበር ሳትጠልቅም ውረዱ፤ የእንጦጦ ጅብ ተረት አይደለም። ታክሲ ካጣችሁ ቁልቁለት ነው፣ እስከ ስድስት ኪሎ በእግርም ይወረዳል።