ለወፍ አደን የሚኾን ቡችላ ስለ መምረጥ

ለአደን የሚያገለግል ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ሰው፥ ቡችላውን ከማየቱ አስቀድሞ ውሻው ምን እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። በእንግሊዝ አገር ፖይንተር የሚባለው ውሻ በሣር ውስጥ የተሸሸገ ቆቅ ሲሸተው፥ አንድ እግሩን አንሥቶ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል፤ ጌታውም ወፉ ያለበትን ስፍራ በዚህ ያውቃል። ጠጕረ ረዥሙ ሴተር ደግሞ፥ የወፍ ጠመንጃ ሳይስፋፋ አዳኞች በመረብ ያድኑ በነበረ ጊዜ፥ መረቡ በላዩ እንዲያልፍ ደረቱን ወደ ምድር ዝቅ አድርጎ ይጠብቅ ስለ ነበረ ስሙን ከዚያ አገኘ። እስፓንያል ቍጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ወፉን ያስነሣል። የላብራዶር ዋና ሥራ ግን ከተኩስ በኋላ ነው፤ የወደቀውን ዳክዬ ከውሃ ውስጥ ዋኝቶ ሥጋውን ሳያኝክ ያመጣል። እንግዲህ በሐይቅ ዳር የሚያድን ሰው ፖይንተር ገዝቶ ቢያዝን፥ ጥፋቱ የውሻው አይደለም።

ዘሩ ከተመረጠ በኋላ ከቡችሎቹ በፊት እናታቸውን ማየት ይቀድማል። በችሎት ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ኹሉ፥ እናቲቱን ሳያዩ ስለ ልጆቿ መፍረድ አይገባም። አራስ ውሻ ልጆቿን ብትጠብቅ ነውር የለባትም፤ ነገር ግን ጌታዋ አጠገቧ ቆሞ ሳለ እንኳ እንግዳ ባየች ጊዜ የምትንቀጠቀጥ ወይም ለመንከስ የምትቸኵል ብትኾን፥ ቡችሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ትቶ መሄድ ይሻላል። አባትና እናት በሜዳ የሠሩ መኾናቸውንም መጠየቅ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ ፖይንተሮችና ሴተሮች በመልካቸው ተወዳደሩ፤ በ1865 ዓ.ም. ደግሞ በሳውዝሂል መሬት ወጥተው በሥራቸው ተፈተኑ። ከዚያ ወዲህ ከብዙው ዘር ለመልክ የሚረባውና ለሥራ የሚረባው እየተለያየ ስለ ሄደ፥ በመልክ የተገኘ ሜዳይ ስለ አፍንጫ አይመሰክርም። የወላጆቹ የዳሌ አጥንት በራጅ የተመረመረበትን ወረቀት ግን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ የዳሌ ሕመም ከዘር የሚወረስ ነውና።

ከዚህ በኋላ ወደ ቡችሎቹ መቅረብ ነው። ልጆች አብረው የሄዱ እንደ ኾነ ብዙ ጊዜ ፊት ሮጦ የመጣውን፥ ወይም በማዕዘን ተቀምጦ የሚያሳዝነውን ይወዳሉ። ፊተኛው ብርቱ ነው፤ ለጀማሪ አሳዳጊ ግን ያስቸግራል። ኋለኛው ርኅራኄ ይገባዋል፤ ነገር ግን ፈሪ ውሻ ተኩስ በሚሰማበት ሜዳ ሲኖር ለራሱም ሥቃይ ነው። እኔ የምመክረው መካከለኛውን ነው፤ እርሱም ሲጠሩት የሚመጣ፥ ሲያነሡት ጥቂት ተንፈራግጦ የሚያርፍ ነው። ራቅ ብሎ የብረት ሳሕን ቢጥሉ፥ ደንግጦ ሲያበቃ ተመልሶ ሊያሸት የሚመጣውን ልብ ይሏል። የወረቀት ኳስ ሲወረውሩለት አንሥቶ የሚመለስም መልካም ምልክት አለው።

አዳኞች የወፍ ክንፍ በገመድ አስረው በቡችላ ፊት ያወዛውዛሉ። የስምንት ሳምንት ፖይንተር ክንፉን አይቶ እንደ አባቱ ደርቆ ሲቆም ማየት በእውነት ደስ ያሰኛል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ኾኖም ቡችላው በዓይኑ አየ እንጂ በአፍንጫው አላሸተተም፤ ስለዚህ ለዚህ ትርኢት ዋጋ መጨመር አያስፈልግም። በስዊድን አገር በ1998 ዓ.ም. የወጣ ምርመራ፥ በስምንት ሳምንት የተደረገ ፈተና ውሻው ሲያድግ የሚኖረውን ጠባይ እምብዛም እንደማያሳይ ገልጧል። የተመረመሩት የጀርመን እረኛ ውሾች ቢኾኑም፥ ነገሩ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ይኾናል።

ከምርጫው ይልቅ የሚከብደው የሚከተለው ወር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ብዙ ዓመት መርምረው በ1965 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚለምድበት ዋናው ዘመን ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ኹለተኛው ሳምንት ያለው መኾኑን አስረድተዋል። ስለዚህ በስምንተኛው ሳምንት የተረከበ ሰው የቀረችው አንድ ወር ብቻ ናት። በዚያች ወር ቡችላውን በግቢ ዘግቶ ለዘበኛ መተው ታላቅ በደል ነው፤ ልጆች፥ እንግዶች፥ ፈረስ፥ መኪና፥ ረዥም ሣርና ጥልቅ ያልኾነ ውሃ ማየት አለበት። የተኩስ ድምፅ ግን በችኮላ አይሰማም። አንዳንድ ሰው ቡችላውን ሊፈትን ብሎ በራሱ ላይ ጠመንጃ ይተኵሳል፤ በዚህ የደነገጠ ውሻ ዕድሜውን ኹሉ ጠመንጃ ባየ ቍጥር ሊሸሽ ይችላል። ከፍ ካለ በኋላ፥ በጨዋታ ተጠምዶ ሳለ፥ በጣም ከሩቅ በትንሽ ድምፅ ተዠምሮ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቀረባል፤ ጆሮውን ጥሎ ጅራቱን በእግሩ መካከል ካገባ የዚያን ቀን ትምህርት ማቆም ነው።

ቡችላው ሲወሰድ፥ ይበላው ከነበረው ምግብ የጥቂት ቀን ስንቅና እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ከሻጩ መቀበል ያስፈልጋል፤ የመዠመሪያውን ሌሊት ለቅሶ ጨርቁ ያቀልለታል። የክትባቱንም ወረቀት አብሮ ተቀብሎ፥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ከእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ነው።