ማንም ያልተናገረው ቃል መዝገብ አይግባ

የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለጀማሪዎች አይደለም። ወጣቶቹ የሚከተሉት የእኛን እጅ ነውና ቃሌ ለእናንተ ለአንጋፎቹ ነው። ፎርም በራሱ የሚሞላውን ሳትመረምሩ ዳታቤዝ ውስጥ አታስገቡ።

አንዲት እናት መዝጋቢው ፊት ቀርበው «የተወለድኩት በ1950 ነው» ይላሉ እንበል። ወሩን አያውቁትም። ፎርሙ ግን ባዶ አያሳልፍም፤ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ 1958 ይላል፣ ቀኑንም ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላል። መዝጋቢው ሴቭ ያደርገዋል። የእኛ 1950 የገባው ግን በፈረንጅ 1957 ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ እኚህ እናት የኅዳር ልጅ ከሆኑ ዓመቱም ተሳስቷል። ከዚያ በኋላ ያ ቀን የማሽን ግምት መሆኑን ማን ያውቃል? ጡረታውም፣ ፓስፖርቱም፣ የውርስ ክርክሩም የእርሳቸው ቃል አድርጎ ያነበዋል። አሜሪካ ከገቡት ስደተኛ ወገኖቻችን ስንቶቹ በወረቀት የጃንዋሪ 1 ልጆች እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ያልታወቀ ነገር ባዶውን ይቀመጥ፤ ናል ነውር አይደለም። መገመት ግድ ከሆነም ከጎኑ ምንጩን የሚናገር ዓምድ ይኑር፤ ባለቤቱ ተናግሮት ነው፣ ከሌላ መዝገብ ተቀድቶ ነው ወይስ ሲስተሙ ገምቶት?

ዋጋ ላይ ጥፋቱ በተቃራኒው ይመጣል። ዕቃው ሲመረጥ ዋጋው ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፤ የታየ ሁሉ የተቀመጠ ይመስለናል። ማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ በቀመር ብቻ የሚሞላ ሣጥን ሠንጠረዡ ውስጥ ምንም አይጽፍም። በድረ ገጽ ፎርምም ዲሴብልድ የሆነ ሣጥን ወደ ሰርቨር አይላክም፤ ሪድኦንሊ የሆነው ይላካል። የዕለቱ ዋጋ ከሽያጩ ጋር ካልተመዘገበ የዋጋ ዝርዝሩ በተሻሻለ ቁጥር የአምናው ደረሰኝ አብሮ ይለወጣል።

ተላከ ማለት ደግሞ ታመነ ማለት አይደለም። ሪድኦንሊውንም የተደበቀውንም ሣጥን ተጠቃሚው ብራውዘሩ ላይ እንደፈለገ ሊቀይረው ይችላል። ዋጋውን ሰርቨሩ ራሱ ከሠንጠረዡ ያንሳ፤ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስና ድምሩንም ራሱ ያስላ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የፈቃድ ሣጥን ነው። «ተስማምቻለሁ» የሚለው አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ከቀረበ፣ ሰው ያልሰጠውን ፈቃድ በስሙ እየመዘገብን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ፕላኔት49 በተባለው ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለው ምልክት ፈቃድ እንዳልሆነ ወስኗል። የአውሮፓው ሕግ እኛን ባይመለከት እንኳ የሰውየው መብት ያው ነው።

እባካችሁ፣ በእጃችሁ ያሉትን ሠንጠረዦች ክፈቱ። የልደት ቀን ዓምዱን በወርና በቀን ደርድሩና ጃንዋሪ 1 ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቁጠሩ። ከዚያም ባለቤቶቹን በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ አርሙት።