«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት



እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ዛሬ በጉለሌ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ አይደለም። በሽሮ ሜዳ የሸማ ነጋዴ የዱቤ ሒሳቡን ይይዝበታል። በአዲሱ ገበያና በሩፋኤል ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፍበታል። የአባላት መዝገባቸውንና የወር መዋጮውን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ያዛወሩ እድሮችም አሉ። ስለዚህ ማሽኑ ሲያስቸግር የሚታወከው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም ጭምር ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህም የተነሳ ብዙ ሰው ማሽኑን ወደ ዊንዶውስ 11 አሸጋግሯል። ከሽግግሩ በኋላ የሚሰማው አቤቱታ ታዲያ ተመሳሳይ ነው፤ «ቀርፋፋ ሆነ»፣ «ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለ»፣ «ድምፅ የለውም»፣ «አማርኛው ጠፋ»። የሚሰጠውም መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!»

እኛ በዚህ አንስማማም። ፎርማት የመጨረሻው መፍትሔ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም እንላለን።

አንደኛ፣ ፎርማት ማለት ዲስኩን ማጽዳት ነው። ኮምፒዩተር ገንዘብ ከተገኘ ይገዛል። የአሥር ዓመት የእድር መዋጮ መዝገብና የሟች እናት ፎቶግራፍ ግን መርካቶ ቢዞሩም አይገኙም። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት የሚለው መዝገብ ከጠፋ ደግሞ ሐዘን በገባ ቀን ጭቅጭቅ ይከተላል።

ሁለተኛ፣ «አማርኛው ጠፋ» የሚባለውን ችግር ብዙ ጊዜ ራሱ ፎርማት ያመጣዋል። ከቆዩ ጽሑፎቻችን ብዙዎቹ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። እነዚህ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ዲስኩ ሲጸዳ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል፤ የቀረው ጽሑፍም የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል። ይህ ቫይረስ አይደለም፤ ጽሑፉም አልጠፋም። ፎንቱ ተመልሶ ሲጫን ፊደሉም ይመለሳል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ግን ፎንቱ ባይኖርም በሌላ ፎንት ይነበባል። ለምሳሌ ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በተጨማሪነት የሚጫን ስለሆነ በአንዳንድ ማሽን ላይ የለም፤ በእርሱ ፈንታ ኢብሪማ ሲገባ የገጹ አሰላለፍ ይዛባ ይሆናል እንጂ ቃሉ አለ።

ሦስተኛ፣ አብዛኛው እክል አነስ ያለ መድኃኒት አለው። ማሽኑ ከሽግግር በኋላ ቢቀረፍፍ፣ በውስጡ ፋይሎችን እየመዘገበና ቀሪ ነገሮችን እያወረደ ሊሆን ስለሚችል ለጥቂት ሰዓት መብራት ላይ ሰክቶ መተው ይበጃል። ከዚያም በዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ መኖሩን ማየት ነው። ፕሪንተር፣ ድምፅ ወይም ዋይፋይ እንቢ ካለ ድራይቨሩ ይመርመር፤ ድራይቨር ማለት ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ማሽኑ እየተንጠለጠለ ካስቸገረ «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ «ሪስታርት» በማለት ወደ ሴፍ ሞድ የሚወስደው መንገድ ይከፈታል፤ በሴፍ ሞድ ደኅና ከሠራ ጥፋቱ በኋላ የተጫነ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ የቀድሞው ዊንዶውስ ፋይሎች እስካልተደመሰሱ ድረስ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ከ«ሴቲንግስ» ወደ «ሲስተም»፣ ከዚያ ወደ «ሪከቨሪ» ገብቶ «ጎ ባክ» ማለት ነው። ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና መሞከር ነው። ሁሉን ባንዴ የነካካ ሰው የትኛው እንዳዳነው፣ የትኛው እንዳባሰበት አያውቅም።

በጥገና የሚተዳደሩ ወንድሞቻችንን መውቀሳችን አይደለም። ፎርማት ቶሎ ያልቃል፤ ጥፋትን እያሰሱ መፈለግ ግን ጊዜ ይበላል፤ ደንበኛውም «ቶሎ በል» እያለ ይቆማል። ኧረ ለመሆኑ «ፋይሌ ተገልብጧል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ስንት ነው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ጥድፊያው ከእኛም ነው።

ደግሞም ማሽን ሁሉ ለዊንዶውስ 11 አይሆንም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህን የማያሟላ ማሽን በዘዴ ተጭኖበት ቢሠራም ማይክሮሶፍት እድሳት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ከመጫን በፊት መጠየቅ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚከተለው እንዲታሰብበት እናሳስባለን።

1ኛ/ ከማናቸውም ሽግግር ወይም ጥገና በፊት ፋይሉ በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ቅጂው መከፈቱም በሌላ ማሽን ይታይ።

2ኛ/ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰዓት ሽግግር አይጀመር።

3ኛ/ የእድር ጸሐፊዎች መዝገባቸውን በዩኒኮድ ይጻፉ፤ በየወሩም በወረቀት አትመው ፋይል ያድርጉ።

ኮምፒዩተር የሚያውቁ የሠፈራችን ወጣቶች የቆዩትን የእድር መዝገቦች ወደ ዩኒኮድ በመለወጥ ቢያግዙ ትልቅ ውለታ ነው። ይህ ሐሳብ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቀርቦ እንዲመከርበት እንጠይቃለን።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች