ድንኳን ያልተጣለለት ሐዘን

‹‹ጤዛን አየሁት፤ ፊልሙ ግን ይንቀራፈፋል›› ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። እኔ የምለው፣ ሐዘን መቼ ሮጦ ያውቃል? የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ የሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ሽልማቱ ይቆየን። የኔ ጉዳይ ከዋናው ሰውዬ፣ ከአንበርብር ጋር ነው።

አንበርብር ሐኪም ሊሆን ጀርመን ሄደ። በደርግ ዘመን አገሩ ገብቶ ጓደኛው ተስፋዬ ተገደለበት። እንደገና ጀርመን፤ እዚያ ደግሞ ዘረኞች ደብድበው እግሩን አሳጡት። በመጨረሻ እያነከሰ እናቱ መንደር ገባ። ሌሊት ይቃዣል፣ ቀን ዝም ይላል። ጠበል ወሰዱት። ጠበሉን አልቃወምም። ለተስፋዬ ግን ማን ለቅሶ ተቀመጠ?

የፊልም ወሬ ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ደባርቅ መናኸሪያ ይቁም። ከዳባትና ከደባርቅ የወጡ ልጆች በመተማ አድርገው ሱዳን፣ ሲቀናቸው ሊቢያ ይደርሳሉ፤ ሌሎቹ ዓረብ አገር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን መልሳለች። አንዱ ፌስታል አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ሲወርድ ገና ጉልበት ሳይስም ‹‹ምን ይዘህ መጣህ?›› ይባላል። በረሃ ላይ በእጁ አሸዋ አልብሶት የመጣውን ጓደኛውን የሚጠይቀው የለም።

ማልቀስ የማናውቅ ሆነን አይደለም እኮ! የዳባቷ ጭና በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ልጆቿን ስታጣ ያላለቀሰ ማን ነበር? ለሞተ ሰው ድንኳን አለን፣ ንፍሮ አለን፣ አልቃሽ አለን። በቁሙ ሐዘን ተሸክሞ ለመጣው ነው ያጣንለት።

‹‹አንተ ደግሞ! ልጁ የሄደው በሬ ተሸጦ፣ ብር ተበድሮ ነው፤ ብንጠይቀው ምን ነውር አለው?›› ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብድር ብድር ነው። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ገና ሰልስት ሳይወጣ፣ ‹‹ብሬን›› የሚል ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል እናንተው ታውቃላችሁ። ታዲያ ከስደት የተመለሰው ልጅ ቤት ለምን ተፈቀደ?

አባል ልጁ ባሕር ማዶ ቢሞትበት እድሩ መርዶ አስነግሮ፣ ድንኳን ጥሎ፣ ቤተሰቡን ያስተዛዝናል። ተመላሹ የሚያለቅስለት ጓደኛ ግን የማንም አባል ዘመድ አይደለምና ደንቡ አያውቀውም። እናንተ የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይችን ነገር አንሡልኝ። የሦስት ቀን ድንኳንና አንድ ጉልቻ ንፍሮ ስንት ይፈጃል? የሟቹን ስም ልጁ ራሱ ይነግራችኋል።