የማመልከቻ ደብዳቤ ምስክርነት ነው

ባለፈው ወር በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሐይቅ ዳር ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ዲግሪውን ተቀብሎ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 2 ዓመት ያስተማረ ጨዋ ልጅ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለእናቱ መድኃኒት አልበቃ ስላለው፣ በሩቅ ምሥራቅ አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር የጻፈውን ማመልከቻ እንዳርምለት ሰጠኝ።

ሰዋስዉ እንከን አልነበረበትም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አሳዘኑኝ። አንደኛው «የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ነው» የሚለው ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው የ2 ዓመቱ አገልግሎት 5 ዓመት ተብሎ መጻፉ ነው። ምክንያቱን ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «መምህር፣ እውነቱን ብጽፍ ደብዳቤዬን እንኳ አያነቡልኝም» አለኝ።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቶቹ የእንግሊዝኛ መምህራንን የሚቀበለው በዋናነት ከ7 አገሮች፣ ማለትም ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከካናዳ፣ ከአየርላንድ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድና ከደቡብ አፍሪካ ነው። ይህ ደንብ ለእኛ ልጆች መራራ ነው። ሆኖም የተዘጋው በር በሐሰት ቃል አይከፈትም፤ ፓስፖርቱ በታየ ጊዜ ሁሉም ይገለጣልና። የተጨመሩት 3 ዓመታትም የሥራ ማስረጃ ሲጠየቅ ሐሰተኛ ማኅተም ይፈልጋሉ፤ እንዲህም ትንሿ ውሸት ወደ ወንጀል ታደርሳለች። በፊርማ የጸና ማመልከቻ ምስክርነት ስለሆነ፣ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በሸንጎ ፊት ለሚቆም ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ስለዚህ አብረን ተቀምጠን ደብዳቤውን ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ እንደገና ጻፍነው። በመጀመሪያ የሚያመለክትበትን ሥራና ማስታወቂያውን ያየበትን ስፍራ ገለጸ። ቀጥሎ ትምህርቱንና የ2 ዓመት አገልግሎቱን እንዳለ አስቀመጠ። ከዚያም ራሱ የሠራውን ጻፈ፤ ይኸውም ከ60 የማያንሱ ተማሪዎችን በቡድን ከፋፍሎ እንዴት እንዳናገራቸው ነው። በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ ግሥ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሲውል፣ በእንግሊዝኛ ግን በባለቤቱና በተሳቢው መካከል ይገባል። ልጁ ይህን በጥረት የተማረ ስለሆነ ጀማሪ የሚሰናከልበትን ስፍራ ያውቃል፤ ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣ ሰው ይህን ልብ ላይለው ይችላል። እንግዲህ ጉድለት መስሎት የሸሸገው ነገር ዋነኛ ሀብቱ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻም ዲግሪውን፣ የውጤት መግለጫውንና የሁለት ምስክሮችን አድራሻ ማያያዙን ገልጾ በምስጋና ደመደመ።

ደብዳቤውንም ደንቡ ወደሚፈቅድለት አገር እንዲልክ መከርሁት። ለምሳሌ በታይላንድ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ መምህር ዲግሪና የቋንቋ ፈተና ውጤት ያቀርባል።

ነገር ግን ቀጣሪውም እውነተኛ መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በማያንማር ከሚገኙ የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚያ ካምፖች ብዙዎች የተወሰዱት በመልካም ሥራ ተስፋ ተታልለው ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከመሄዱ በፊት የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የተፈረመ ውልና የሥራ ቪዛ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቀውን፣ ወይም በጎብኚ ቪዛ ግባ የሚለውን ደላላ አትመኑ።

ልጁ ሁለቱን ቃላት በገዛ እጁ ሰርዞ ደብዳቤውን ላከ። መልሱ ገና አልመጣም። ቢሆንም ሊሰናበተኝ ሲነሣ፣ «አሁን ቢጠይቁኝ የምፈራው የለኝም» አለኝ። እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናለት፤ የልጆቻችሁንም እንዲሁ።