ከቡፌው ላይ የወረደው ባቡር

በአጅባር «ባቡር ደርሼ መጣሁ» ያለች እናት ለገሃር ሄዳ የተመለሰች የሚመስለው ሰው የለም። እዚያ ባቡር ማለት ገብሱ በአህያ ተጭኖ የሚሄድበት፣ ሞተሩ ከሩቅ ዱብ ዱብ ሲል የሚሰማው የእህል ወፍጮ ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር እናታችንም ሆነች ታላቅ እህቴ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ለአገሩ የሚቀርበው ሐዲድ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ እንዲያልፍ በ2007 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው ነው፤ እርሱም ሳይጠናቀቅ የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደርሶበት ብዙ ንብረቱ ተዘርፏል፤ ወድሟል።

እንግዲህ ባቡር ታይቶ በማይታወቅበት በዚህ ቤት ነው ባለፈው ክረምት አንድ የጭነት ባቡር በካርቶን ታሽጎ የገባው።

የላከው ውጭ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ነው። ወንድማችን ጎልማሳ ሆኖ፣ ሥራ ይዞ፣ ግብር እየከፈለ፣ በእረፍት ቀኑ ግን ከመሰል ጓደኞቹ ጋር የአሻንጉሊት ባቡር ሲገጣጥም የሚውል ሰው ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ስቄ ነበር። አገሩን ከለቀቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የእህቴን ልጅ የሚያውቀው በፎቶግራፍና በስልክ ብቻ ነው። ልጁ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ባቡሩ ሌጎ ከሚባለው የዴንማርክ ፋብሪካ የወጣ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ አናጢ የተቋቋመ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚሠራው የእንጨት መጫወቻ ነበር። ስሙም በአገሩ ቋንቋ «በደንብ ተጫወት» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተቀነጨበ ነው። ዛሬ የሚታወቅበት ጉብ ጉብ ያለው የፕላስቲክ ጡብ አሁን ባለው ቅርጹ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ጊዜው ጡብ ከዛሬው ጋር እስካሁን ይገጥማል። እኛ ቤት የመጣው የጭነት ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው ዓይነት ሲሆን 1,226 ቁርጥራጮች አሉት። ዋጋውም ያኔ ከ200 ዶላር በላይ ነበር። በብር መንዝሬ አላስደነግጣችሁም፤ እህቴ ግን ወዲያው በበግ አሰላችው።

«በዚህ ገንዘብ ስንት በግ ይገዛ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ በስልክ። እታለም አስተማሪ ናት። በወር ደመወዝ ቤት የምታስተዳድር እናት እንዲህ ብላ ብታሰላ አልፈርድባትም።

ቢሆንም የመጣ ዕቃ ነውና መገጣጠም ነበረበት። እኔም የዓመት ፈቃዴን ይዤ አጅባር በገባሁ ማግሥት ካርቶኑ ተከፈተ። ከውስጡ የወጡት መጽሐፎች አንድም ፊደል የለባቸውም፤ ሁሉም ሥዕል ነው። በአንዱ ገጽ አራት ቁራጭ ያሳያል፤ ቀጥሎ የት እንደሚቀመጡ ያሳያል፤ ከዚያ ቅጠሉን መግለጥ ነው። ሁለታችን ዲፕሎማ ያለን ሴቶች በልጁ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ጀመርን። በሁለተኛው ሌሊት የባቡሩ ራስ አልገጥም አለ። ብንጫነውም፣ ብንነቅለውም፣ ከመጽሐፉ ጋር ብናመሳክረውም የስህተቱ ቦታ ጠፋን።

እናታችን ከማዶ መደብ ላይ ሆና ሙዳይ ትሰፋ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ወስፌዋን አክርማው ላይ ሰክታ ተነሣችና «እስቲ አሳዩኝ» አለች። መጽሐፉን ወደ ኩራዙ አስጠግታ ቆየች፤ ከዚያ በጣቷ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። «እዚህ አንድ ዘለላችሁ፤ ቀዩ ከጥቁሩ በሁለት ይርቃል እንጂ በሦስት አይርቅም» አለችን። እውነቷን ነበር። ስምንት ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰን ነቀልነው።

እኔ ይህን ሳይ የተገረምኩት በራሴ ነው። አለላውን በቀለም በቀለሙ ለይቶ፣ በየዙሩ ስንት ጥልፍ ቀይ ስንት ጥልፍ አረንጓዴ እንደሚገባ በልቡ ይዞ፣ አንድ ቢስት የሙዳዩ ሐረግ እንደሚጣመም የሚያውቅ ሰው እንዲህ ላለው ሥራ ከእኛ የተሻለ ትምህርት አለው። በዚያ ሌሊት ማዶ ሆና እየሰፋች፣ ልጁ ቁራጩን እየመረጠ ያቀርብላት፣ እርሷ «እርሱ አይደለም፤ ጠበብ ያለው» ትለው ነበር። የቀሩት ፉርጎዎች የተገጣጠሙት በእርሷ ዓይን ነው። አያትና የልጅ ልጅ እንዲህ ሦስት ሌሊት በአንድ ሥራ ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

ባቡሩ ሲያልቅ ግን ወደ ልጁ አልሄደም። እታለም ከመሬት አነሣችው፤ በነጭ ዳንቴል ላይ አድርጋ ቡፌው ጫፍ ላይ፣ ከሠርግ ፎቶግራፏ ጎን አስቀመጠችው። ሐዲዱን መልሳ ካርቶን ውስጥ ከተተችው።

ውድ እናቶች፣ ይህን ያላደረገች ከእኛ ውስጥ ማን ናት? ከውጭ የመጣ ዕቃ በብዙ ቤታችን የጌጥ ዕቃ ነው። ከአንዱ ዘመድ የመጣች አሻንጉሊት ከነፕላስቲኳ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ባለቤቷ ልጅ ስታገባ የታየችበትን ቤት አውቃለሁ። የእህቴም ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ከአንድ ሺህ በላይ ቁራጭ ያለው ነገር መሬት ከወረደ በሳምንት ውስጥ ገሚሱ በመጥረጊያ ይወጣል አለች። ደግሞም የጎረቤት ልጅ ገና እየዳኸ ነው የሚገባው፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። በዚህ በኩል ፍጹም ልክ ናት፤ ካርቶኑ ላይም ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳይሰጥ የሚከለክል የሕፃን ፊት ምልክት አለ። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ ትንፋሽ ይዘጋልና በዚህ ነገር መቀለድ አይገባም።

ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቡፌው ሥር ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያይ ሦስት ቀን ተመለከትሁ። በአራተኛው ቀን ከሰርዲን ጣሳና ከቆርኪ የራሱን ባቡር ሠርቶ ደጃፍ ላይ ሲጎትት አገኘሁት።

ለወንድማችን ደወልሁለት። እርሱ እንደ ደስታ ቆጥሮት የጓደኞቹን አስተያየት ያዘንብልኝ ጀመር። እነዚያ የባቡር ወዳጆች በዚህ ባቡር ላይ እንደ ሽማግሌ ሸንጎ ተቀምጠው ተከራክረውበታል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለው ክፉኛ ይወቅሱታል። ፋብሪካው ባቡር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሐዲዱ ብረት የለበሰ ሆኖ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ሶኬት በሐዲዱ አልፎ ሞተሩን ይነዳ ነበር፤ ባቡሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር ባትሪ አያሻውም። ያ አሠራር ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። የአሁኑ በሆዱ ስድስት ባትሪ ይይዛል፤ በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ አራት ይጨምራል። ሁለተኛው ወቀሳ የሐዲዱ ኩርባ ነው፤ በጣም ስለሚጠማዘዝ ረዘም ያለ ፉርጎ ሲዞር ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ደግሞ የጭነት ባቡር ተብሎ ፉርጎው በጣት የሚቆጠር ነው ይላሉ። ወጣቶቹ በበኩላቸው ሞተሩም፣ መቆጣጠሪያውም፣ ሐዲዱም በአንድ ካርቶን መምጣቱ ለጀማሪ ምን ይወጣለታል ብለው ይሟገታሉ። ጭራሽ ካርቶኑን ሳይከፍቱ መደርደሪያ ላይ የሚያኖሩም አሉ።

«እንግዲያው እታለም ብቻዋን አይደለችም» አልሁት።

«ምን አደረገችው?»

ነገርሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «እኔ የላክሁት እንዲሰበር ነው» አለኝ። ይህችን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ለእህቴ ነገርኋት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ማታውን ግን ዳንቴሉ ባዶ ነበር።

ለመጫወቻው የተደረገው ዝግጅት ቀላል ነው፤ ለሌሎችም ሊጠቅም ይችላልና ልጻፈው። አንድ ያረጀ የአልጋ ልብስ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ጨዋታው ከእርሱ አይወጣም። ሲያበቃ አራቱ ጫፍ ይያዝና ከነቁራጩ ወደ ካርቶኑ ይገለበጣል፤ ለቅሞ መጨረስ የለም። የሚድኸው ልጅ ሲመጣ ልብሱ ይታጠፋል። ጥቃቅኖቹን ቁርጥራጮች እናታችን በአንድ ሰፌድ ለብቻቸው አደረገቻቸው።

ባትሪው ግን አስቸገረ። አሥር ቀጫጭን ባትሪ በሁለት ቀን ጨዋታ ደከመ። ልጁ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከፍቶ ሁለቱን ወሰደ፤ ከዚያ የጎረቤቱንም ሪሞት ዓይን ዓይኑን ያይ ጀመር። ሞተር ያለውን ራስ በእጅ መግፋት ደግሞ አይመችም። በመጨረሻ ልጁ ራሱ መላ አገኘለት፦ ራሱን ለይቶ አስቀመጠና ፉርጎዎቹን በሲባጎ ጎተታቸው። ፉርጎ ከፉርጎ የሚያያዘው በማግኔት ስለሆነ ይከተሉታል። የሰርዲኑንም ጣሳ ከኋላ ቀጠለው። የወንድማችን ጓደኞች ፉርጎ አነሰው ያሉትን በዚህ መለሰላቸው።

ሲጫወት ሰማሁት። «ባቡሩ ምን ይጭናል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የማውቀውን ነገርሁት፤ የጥንቱ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደገባ፣ ሐዲዱም አንድ ሜትር ስፋት እንደነበረው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሰፋ ባለ ሐዲድ ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነርና ማዳበሪያ እንደሚያመጣ። ማዳበሪያ የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ማዳበሪያ ያውቃላ! አያቱ ደግሞ የመቅደላን ነገር አነሣችለት። መቅደላ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ዓፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በ1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ ነው አምባው ላይ የወጣው። እኔም በዚያው ዓመት እንግሊዞች ስንቃቸውንና መሣሪያቸውን ለማጓጓዝ በዙላ የባሕር ዳርቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው እንደነበረ ጨመርሁበት። ልጁ ጥቂት አሰበና «ሐዲዱ እዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ለማን ያደርስ ነበር?» አለን። መልሱን ለአያቱ ተውሁት፤ እርሷም ወደ ሙዳይዋ ዞረች።

ከሁሉ ያልጠበቅሁት ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። ልጁ ግንድ በሚጭነው ፉርጎ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ አጣጥፎ፣ በክር አስሮ ይከምራል። እታለም የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር።

«ምንድን ነው የጫንኸው?» አለችው ቀና ሳትል።

«ፍራሽ።»

«የማን ፍራሽ?»

«የእኛ። ያን ጊዜ የተውነው። ይኼ የእማማን ባና፣ ይኼ ደግሞ ድስቱን ይይዛል። አንቺ ከላይ ትቀመጫለሽ፤ አትሸከሚኝም።»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ እንደ ብዙው ሰው እነርሱም ሸሽተው ነበር። ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እታለም በጀርባዋ አዝላው ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ መንገድ አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም ትላለች። ትንሽ ነበር፤ ረስቶታል ብለን ነበር ሁላችንም።

እታለም ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከወንበሯ ወርዳ አልጋ ልብሱ ላይ ተቀመጠች። «ምጣዱስ?» አለችው። ምጣዱ እንደሚሰበር፣ ስለዚህ ለብቻው ፉርጎ እንደሚያስፈልገው ተነጋገሩ። ክሬኑን አምጥተው ምጣድ ተብሎ የተሰየመውን ክብ ቁራጭ ቀስ ብለው አነሡት። በጉም ከኋላ በሰርዲን ጣሳው ተጫነ። ልጁ ሐዲዱን ከክቡ ነቅሎ ቀጥ አድርጎ ዘረጋውና ከመደቡ እግር እስከ በሩ ድረስ አደረሰው። እኔ ወጥቼ ቡና አፈላሁ።

ማታ ወንድማችን ሲደውል ስልኩን የወሰደችው እርሷ ናት። ባቡሩ ምን ያህል ቁራጭ እንደጎደለው ጠየቃት።

«አልቆጠርሁትም» አለችው። «ይልቅስ ሐዲድ አነሰን። ሌላ ከላክህ ቀጥታውን ብቻ ላክ፤ ክቡን አንፈልገውም።»

እኔ ፈቃዴን ጨርሼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ቡፌው ላይ ዛሬ የተቀመጠው የእናታችን አዲሱ ሙዳይ ነው፤ ክዳኑ ሥር ከሰፌዱ ያመለጡ ሰባት ቀያይ ቁራጮች አሉ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ግን ባትሪው ስላልተመለሰለት እስካሁን ጣቢያ የሚለውጡት እየተነሡ ነው።