የእናቲቱ ወረዳ ይታወቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃን ሞቶ ሲወለድ የሚቆጠረው ምጡ ባበቃበት የጤና ተቋም ነው። በየወሩ ተጠቃሎ የሚላከው አኃዝ እናቲቱ ከየት እንደመጣች አይናገርም። ከዳር ሰፈር ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የደረሰች እናት ልጇን ብታጣ፣ ሞቱ በሆስፒታሉ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። ክትትሉ የጎደለባት ወይም አምቡላንሱ የዘገየባት ወረዳ ግን ምንም እንዳልደረሰባት ትታያለች። በዚህ አቆጣጠር ችግሩ የት እንዳለ አናውቅም።

የእናቶች ሞት ቅኝት በ2005 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ኋላ ሞተው የሚወለዱትንና ጨቅላ ሕፃናትንም አካቷል። ሆኖም ከእነዚህ ሞቶች ወደ ምርመራ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው።

ቦታውን ማወቅ ብቻም አይበቃም፤ ጊዜውም መለየት አለበት። ቆዳው ያልተለወጠ ሕፃን ምናልባት ያለፈው ምጥ ላይ ነው፤ የልብ ምቱን ማን ይከታተል እንደነበር፣ ኦፕራሲዮኑ ለምን እንደዘገየ መጠየቅ ይገባል። ቆዳው መላጥ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ በማኅፀን ሞቷል፤ ጥያቄው ወደ ቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ወደ ደም ግፊትና ወደ ቂጥኝ ምርመራ ይመለሳል። በዓለም ላይ ሞተው ከሚወለዱት ከ40 በመቶ በላይ የሚሞቱት በምጥ ወቅት ነው። አብዛኞቹን ማትረፍ ይቻል ነበር።

መዝገብን በጊዜው አለማንበብ ምን እንደሚያስከትል ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ውኃው በክሎሪን ፈንታ በክሎራሚን መታከም ሲጀምር፣ ከቧንቧዎች እርሳስ እየሟሟ ወደ መጠጥ ውኃ ገባ። የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪ ማርክ ኤድዋርድስ፣ የፅንስ ሞት እርሳሱ በበዛበት በ2001 ማሻቀቡን ያሳየ ጥናት ያሳተመው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በአንድ ወረዳ በዓመት የሚመዘገበው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ያሳስታል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ የበርካታ ዓመታቱ ተደምሮ ከ1,000 ወሊድ ይሰላ። የእናቲቱ ማንነት በምስጢር ይጠበቅ፤ የወረዳዋ ቁጥር ግን ይውጣ።

እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሞተው የሚወለዱትን ከ1,000 ወሊድ ወደ 12 ወይም ከዚያ በታች የማውረድ ዓለም አቀፍ ግብ አለ። የከተማችን ጤና ቢሮ የእናቲቱን ወረዳና የሞቱን ጊዜ የያዘ ካርታ በየዓመቱ ያውጣ። አምቡላንስም፣ አዋላጅ ነርስም፣ በጀትም ካርታው ወዳመለከተው ወረዳ ቅድሚያ ይሂድ።